ዊንዶውስ 11 ከተጫነ በኋላ ኢሜይሉ የት ገባ? ፕሮግራም ስንመርጥ ከድሬ ሆነን ማየት ያለብን ነገር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ሲሰጥ የነበረውን የሴኪዩሪቲ አፕዴት ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማለት ነው። ከዛ ወዲህ የድሬ ሰፈር ከዚራም በለው ሳቢያን፣ ቢሮ ያለው ሰው ወይ ላፕቶፕ ቀይሯል፣ ወይ ያለውን ወስዶ ዊንዶውስ 11 አስጭኗል፣ ወይ ደሞ "ይቆይ እስቲ" ብሎ ተቀምጧል። የቀየረው ሰው መጀመሪያ ክሮም ይከፍታል፣ ኦፊስ መኖሩን ያያል፣ ፕሪንተሩ ይሠራል አይሠራም ብሎ ይሞክራል፣ ከዛ ኢሜይሉን ሊከፍት ሲል ነው ነገርየው የሚመጣው። የድሮው ሜይል የለም፣ በሱ ቦታ "አውትሉክ" የሚባል የሚመስል የማይመስል ነገር ተቀምጧል።

እና ሁሉም ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ "የቱ ፕሮግራም ይሻላል?" እኔ ግን ከሱ በፊት ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት ባይ ነኝ። ኢሜይልህ አሁን በአካል የት ነው ያለው፣ ነገ ፕሮግራሙን ልቀይር ብትልስ ይዘኸው መውጣት ትችላለህ ወይ? ይሄን የመለሰ ሰው ምርጫው ግማሹ አልቆለታል፣ ያልመለሰ ደሞ የፈለገውን ያማረ ፕሮግራም ቢጭን ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ እዛው ጥያቄ ላይ ነው የሚመለሰው።

በርግጥ ለብዙ ሰው ስልኩ ይበቃዋል፣ ኢሜይል የሚከፍተው ለአንድ ፓስዎርድ ማስመለሻ ምናምን ከሆነ ይሄን ጽሑፍ እዚህ ጋ ቢተወው አልቀየምም። ድሬ ግን የትራንዚት ከተማ ነች። ከባቡሩ ጀምሮ ሥራዋ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃና ከዕቃው ጋር የሚመጣ ወረቀት ነው፣ አሁን ደሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩም ደረቅ ወደቡም በ2014 ሥራ የጀመረው ነጻ የንግድ ቀጠናም አሉ። ትራንዚተሩ፣ አስመጪው፣ ሆቴሉ፣ የፕሮጀክት ቢሮው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ሁሉ ኢሜይሉ ማለት ፋይሉ ማለት ነው። ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት በዛ ነው የሚመጣው። ፎቶው በቴሌግራም ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፣ "መቼ ነው የላክኸው፣ ምን ብለህ ነው የላክኸው" የሚል ክርክር ሲመጣ ግን የሚፈለገው ኢሜይሉ ነው፣ እሱም የዛሬ አራት ዓመቱ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ታሪኩ ትንሽ እንመለስ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር የመጀመሪያው አይደለም። ኤክስፒ ላይ አውትሉክ ኤክስፕረስ ነበረ፣ የድሮ ሰው ያስታውሰዋል። ቪስታ ሲመጣ ዊንዶውስ ሜይል ሆነ፣ ዊንዶውስ 7 ላይ ለብቻው የሚወርድ ዊንዶውስ ላይቭ ሜይል መጣ፣ እሱም ጃንዋሪ 2017 ላይ ድጋፉ ተቋረጠ፣ 8 እና 10 ላይ ያቺ ሰማያዊ ሜይል አፕ መጣች፣ እሷም ታህሳስ 22 ቀን 2017 (በፈረንጅ ዲሴምበር 31 ቀን 2024) አበቃላት። ከዛ በኋላ ሜይል መላክም መቀበልም አትችልም፣ ውስጧ የቀረውን ኤክስፖርት ለማድረግ ብቻ ነው የምታገለግለው። ልብ በል፣ አብሮ የመጣውን ፕሮግራም ብቻ ሲጠቀም የኖረ ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ ቤት የቀየረው አራት አምስት ጊዜ ነው፣ በየጊዜውም ኢሜይሉ የሚቀመጥበት ቦታ ወይም የፋይል ዓይነት ተቀይሯል። ስለዚህ "ከዊንዶውስ ጋር የመጣ ነው፣ አስተማማኝ ነው" የሚለው ነገር ለኢሜይል ሲሆን እንዲያውም ተቃራኒው ነው።

አሁን የመጣው አዲሱ አውትሉክ ምንድን ነው ካልክ፣ ባጭሩ የአውትሉክ ዌብሳይት በፕሮግራም መልክ ተጠቅልሎ ነው። ነጻ ነው፣ አካውንት ማስገባቱ ቀላል ነው፣ ያምራልም። ኦፊስ ሳትገዛ የምትጠቀመው ከሆነ ኢንቦክሱ አናት ላይ ማስታወቂያ ኢሜይል መስሎ ይቀመጣል፣ ይሄን ችለህ ትኖር ይሆናል። እኔ የማልወደው ሌላውን ነው። ጂሜይል ወይም የድርጅትህን ኢሜይል ስታስገባ ፕሮግራሙ ከኢሜይል ሰርቨርህ ጋር በቀጥታ አይደለም የሚነጋገረው፣ የኢሜይሉ ኮፒ መጀመሪያ ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨር ይሄድና ከዛ ነው ወዳንተ የሚመጣው፣ በፓስዎርድ ብቻ የሚገባ የድርጅት ኢሜይል ከሆነ ደሞ ፓስዎርዱም አብሮ ነው የሚሄደው። ይሄን የሚገልጽ መስኮት ሲጨመር ይመጣል፣ ግን ማን አንብቦ ያውቃል፣ ሁላችንም "ኮንቲኒው" ነው የምንለው። የደንበኛ ሰነድ የሚያንቀሳቅስ ቢሮ ይሄን አውቆ ቢወስን ጥሩ ነው፣ ሳያውቅ ሲሆን ነው ችግሩ። ሁለተኛ፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራት የጀመረው ዘግይቶ ነው፣ ሲሠራም በልኩ የቅርብ ቀናት ሜይል ነው የሚያስቀምጥልህ እንጂ ሙሉ ማህደሩን አይደለም። መብራት ሄዶ ራውተሩ ሲጠፋ ላፕቶፕህ ባትሪ እያለው የአምናውን ኢንቮይስ ማውጣት ካልቻልክ ዴስክቶፕ ፕሮግራም ማለት ትርጉሙ ምኑ ላይ ነው፣ ብሮውዘር ላይ ብትከፍተው አይሻልም?

ስሙ ደሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከኦፊስ ጋር የሚመጣው ትልቁ አውትሉክም አውትሉክ ነው፣ ይሄም አውትሉክ ነው፣ የድሮውን አሁን "ክላሲክ" እያሉት ነው። ስለዚህ ባለሙያው "አውትሉክ ጭኜልሃለሁ" ሲልህ የቱን ብለህ ጠይቅ።

እሺ፣ ወደ ዋናው ነገር። ኢሜይል ኮምፒውተርህ ላይ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው፣ አንዱ አይማፕ ይባላል ሌላው ፖፕ። አይማፕ ማለት ዕቃው ጅቡቲ መጋዘን እንዳለ አንተ ድሬ ሆነህ ዝርዝሩን እንደምታይ፣ ስትፈልግም ናሙና እንደምታስመጣ ነው፣ ዋናው እዛው ነው። ፖፕ ግን ዕቃው ተጭኖ መጥቶ ያንተ መጋዘን ገብቷል፣ እዛ ምንም የለም፣ ያንተ መጋዘን ከተቃጠለ አለቀ። ጂሜይል፣ ያሁ፣ አውትሉክ ዶት ኮም የሚጠቀም ሰው ዛሬ አብዛኛው አይማፕ ነው፣ ኮምፒውተሩ ድራሹ ቢጠፋ ኢሜይሉ ሰርቨር ላይ አለ። በራሱ ዶሜይን ኢሜይል የሚጠቀመው ትንሽ ድርጅት ግን፣ ያው ዌብሳይት ሲያሠራ አብሮ የተሰጠው "ኢንፎ አት" ምናምን የሚለው ኢሜይል፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ቦታ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞላበታል፣ ሲሞላበት አንድ ሰው መጥቶ ፖፕ አድርጎለት ይሄዳል። ከዛች ቀን ጀምሮ የድርጅቱ የዓመታት መልእክት ያለው ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ባለው አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ባለቤቱም አያውቅም ጸሐፊዋም አታውቅም። ፖፕ ሲደረግ "ሰርቨር ላይ ኮፒ አቆይ" የምትል ምርጫ አለች፣ ብዙ ጊዜ ግን ለ14 ቀን ተብላ ነው የምትቀመጠው፣ ከዛ በኋላ ይሰረዛል።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ፎርማት የሚመጣው። በደንቡ ከሆነ ዊንዶውስ 10ን ወደ 11 አፕግሬድ ስታደርገው ፋይልህም ፕሮግራምህም አይነካም። እኛ ሀገር ግን አፕግሬድ ማለት ፎርማት ማለት ነው፣ ለባለሙያውም ይፈጥንለታል። ልጁ ደግ ከሆነ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ ያለውን ኮፒ አድርጎ ያስቀምጥልሃል። ኢሜይሉ ግን በብዛት እዛ የለም! አፕዳታ የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው፣ እሱ ደሞ ተደብቆ ነው የሚቀመጠው፣ "ሂድን አይተምስ" የሚለውን ካልከፈትክ በቀር አይታይም። የተንደርበርድ (ከታች የምመጣበት ነጻ የኢሜይል ፕሮግራም ነው) ሙሉ ማህደር አፕዳታ ውስጥ ሮሚንግ፣ ከዛ ተንደርበርድ፣ ከዛ ፕሮፋይልስ የሚለው ጋ ነው። የላይቭ ሜይልም አፕዳታ ውስጥ ሎካል የሚለው ውስጥ ነው። ክላሲክ አውትሉክ ላይ ትንሽ ይለያል፣ ፖፕ ከሆነ ፒኤስቲ የሚባል ፋይል ነው፣ ብዙ ጊዜ ዶክመንትስ ውስጥ አውትሉክ ፋይልስ የሚል ፎልደር ውስጥ ይገኛል፣ አይማፕ ከሆነ ደሞ ኦኤስቲ ነው የሚሆነው፣ ይሄኛውን ፍላሽ ላይ ኮፒ ብታደርገው ሌላ ኮምፒውተር ላይ አውትሉክ አይከፍትልህም፣ ከዛ አካውንት ጋር የታሰረ ጊዜያዊ ኮፒ ነው። ኦኤስቲ ይዞ "ባክአፕ አለኝ" ብሎ የሚኖር ሰው ስንት ነው መሰለህ። ትክክለኛው መንገድ አውትሉኩ ገና ሳይነካ ከፍቶ ኤክስፖርት ብሎ ፒኤስቲ ማውጣት ነው።

ባይሆን አፕግሬዱ ፎርማት ሳይሆን ከላይ የተደረገ ከሆነ ሲ ድራይቭ ላይ "ዊንዶውስ ዶት ኦልድ" የሚል ፎልደር ይቀራል፣ የጠፋ ነገር ካለ እዛ ገብተህ ፈልግ፣ ግን ቶሎ ነው፣ ከ10 ቀን በኋላ ዊንዶውስ ራሱ ያጠፋዋል።

ይሄ ሁሉ ከተባለ የኔ ምርጫ ምንድን ነው? ለአብዛኛው የድሬ ቢሮ ተንደርበርድ ነው። ፋየርፎክስን የሠራው ሞዚላ ነው ያመጣው፣ የመጀመሪያው ቁጥር 1.0 የወጣው በፈረንጅ 2004 መጨረሻ ላይ ነው፣ መሐል ላይ ሞዚላ ቸል ብሎት ነበር፣ በኋላ ለብቻው ድርጅት ተቋቁሞለት በተጠቃሚ መዋጮ ነው የሚኖረው። 2023 ላይ በቁጥር 115 መልኩን ቀይረውት አሁን የዘመኑን ፕሮግራም ይመስላል፣ ባያምር ራሱ ግን እመርጠው ነበር። ምክንያቱም ኢሜይሉን የሚያስቀምጥበት ፋይል ኤምቦክስ የሚባል ነው፣ ከሱ በፊትም የነበረ፣ ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞችም የሚያነቡት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ ተንደርበርድ ነገ ቢዘጋ ፋይሉን ይዘህ ትወጣለህ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ለማዛወር ያንን ፕሮፋይል ፎልደር ኮፒ አድርጎ መውሰድ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይሁን ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ላይ ያው ነው። ኤክስፖርት የምትል ምርጫም አለችው፣ ፎልደሩ ከ2 ጊጋ በላይ ከሆነ ግን እሷ አትችለውም፣ በእጅህ ኮፒ አድርገው። ያ ፎልደር ፓስዎርዶችህንም አብሮ ስለሚይዝ ፍላሽ ላይ አድርገህ ዝም ብለህ አትበትነው፣ ፕሮግራሙ ላይ ፕራይመሪ ፓስዎርድ የሚለውን ብታስገባበት ጥሩ ነው።

ዳታ በፓኬጅ የምንገዛ ሰዎች ተንደርበርድን እንደጫንን መንካት ያለብን ጥቂት ቦታ አለ፣ አለበለዚያ ጂሜይሉን እንዳስገባህ ሙሉ ኢንቦክሱን ማውረድ ይጀምርና ማታ የገዛኸው ፓኬጅ ጠዋት የለም። ጂሜይል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋ ነው፣ ከፎቶና ከድራይቭ ጋር ተደምሮ ቢሆንም ግማሹ ኢሜይል ቢሆን እንኳን አስበው። አካውንት ሴቲንግ ውስጥ ስለ ሲንክና ስለ ዲስክ ቦታ የሚለው ጋ ገብተህ የስንት ጊዜ ሜይል ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥ የሚለውን ወስን፣ ከዚህ መጠን በላይ የሆነ መልእክት አታውርድ የምትለውንም ምልክት አድርግባት። ሌላው፣ ጂሜይል ላይ "ኦል ሜይል" የሚባል ፎልደር አለ፣ ሁሉም ኢሜይል በዛም በኢንቦክስም ይታያል፣ ስለዚህ ተንደርበርድ አንዱን መልእክት ሁለቴ ሊያወርደው ይችላል። ጂሜይል ሴቲንግ ላይ ገብተህ ለአይማፕ እንዳይታይ ብታደርገው ዳታህም ዲስክህም ይድናል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄደህ ግን አንዴ ሙሉውን ብታወርደው እኔ ደስ ይለኛል፣ ሰርቨር ላይ ያለው አንድ ኮፒ ብቻ ነው፣ አካውንት ደሞ ይዘጋል፣ ይጠለፋል፣ ፓስዎርዱን የሚያውቀው ልጅ ሥራ ይለቃል።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። ያ ኤምቦክስ ፋይል አንድ ፎልደር አንድ ፋይል ነው፣ ኢንቦክስህ ሙሉው አንድ ፋይል። ስለዚህ አንዱ መልእክት ውስጥ ቫይረስ ያለበት አታችመንት ካለ አንዳንድ አንቲቫይረስ ፋይሉን እንዳለ አንስቶ ኳራንቲን ያደርገዋል፣ አንተ ስትከፍት ኢንቦክስህ ባዶ! አንቲቫይረሱን ከፍተህ የተንደርበርድን ፎልደር እንዳይነካ ኤክስክሉድ አድርገው። ደሞ ያጠፋኸው ኢሜይል ከፋይሉ ውስጥ ወዲያው አይወጣም፣ "ኮምፓክት" የሚለው እስኪሠራ ድረስ ቦታውን ይዞ ነው የሚቆየው፣ ስለዚህ "ሁሉንም አጥፍቼ ዲስኩ ለምን አልቀነሰም" የሚል ሰው መልሱ እሱ ነው። ኢንቦክስን እያደር ወደ ዓመት ዓመት ፎልደር ማዛወርም ይረዳል።

ተንደርበርድ የማይሆንለት ሰው አለ፣ እሱንም ልናገር። ቢሮህ የማይክሮሶፍት ሲስተም ላይ ከሆነ፣ ካላንደሩም ስብሰባውም የጋራ ሜይልቦክሱም በዛ ከሆነ፣ ክላሲክ አውትሉክ ይሻልሃል፣ ማይክሮሶፍትም ቢያንስ እስከ 2029 በፈረንጅ አቆየዋለሁ ብሏል። እዚህ ላይ ግን ኦፊስ 2016 እና 2019 ራሳቸው ከዊንዶውስ 10 ጋር በዛው ቀን ነው ድጋፋቸው ያበቃው፣ ስለዚህ አዲስ ዊንዶውስ ላይ አሮጌ ኦፊስ ክራክ አድርጎ መጫን፣ ያውም ከውጭ የሚመጣ አታችመንት ቀኑን ሙሉ የሚከፈትበት ቢሮ ውስጥ፣ እኔ አልመክርም። አስር ዓመት ሙሉ ፒኤስቲ ያጠራቀመ ቢሮም ወደ ተንደርበርድ መዛወር ያን ያህል ቀላል አይደለም፣ ተንደርበርድ ፒኤስቲ ፋይልን ለብቻው አይከፍትም፣ አውትሉክ እዛው ኮምፒውተር ላይ መኖር አለበት። አንዱ ዘዴ አውትሉክ ላይ አይማፕ አካውንት አስገብተህ የድሮውን ሜይል ጎትተህ እዛ ውስጥ መክተት ነው፣ ከዛ በሌላው በኩል ተንደርበርድ ላይ ይመጣል። ዳታ ይበላል፣ ግን ይሠራል። አዲሱ አውትሉክ መጀመሪያ ሲወጣ ፒኤስቲ ጭራሽ አያውቅም ነበር፣ በኋላ ነው ቀስ በቀስ የተጨመረው።

ኢኤም ክላየንት የሚባል የቼክ ሀገር ፕሮግራም አለ፣ ጥሩ ነው፣ ነጻው ግን ለሁለት አካውንት ብቻና ለግል እንጂ ለንግድ ሥራ አይደለም። ሜይልበርድ ያምራል፣ ሙሉውን ለመጠቀም ግን ገንዘብ ይፈልጋል፣ በውጭ ምንዛሪ በካርድ መክፈል እዚህ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ፣ እለፈው።

ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11 እምቢ ያለውስ? ኦፊሴላዊው መስፈርት ቲፒኤም 2.0 (ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ የሴኪዩሪቲ ክፍል ነው)፣ ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዛ በላይ፣ 4 ጊጋ ራም ነው፣ እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ገብተህ ዩዝድ ላፕቶፕ ስትገዛ ከራሙ በፊት ጄኔሬሽኑን ጠይቅ የምለው ለዚህ ነው፣ ሻጩ "ኮር አይ ሰቨን ነው አቦ" ሲልህ ስድስተኛ ጄኔሬሽን አይ ሰቨን ሊሆን ይችላል። መስፈርቱን ዘሎ የሚጭን ባለሙያ አይጠፋም፣ ማይክሮሶፍት ግን ለእንደዛ ዓይነቱ ማሽን አፕዴት ለመስጠት ግዴታ የለብኝም ብሏል። ዊንዶውስ 10 ላይ እቆያለሁ ካልክ ደሞ ተጨማሪ አፕዴት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ድረስ የሚያገኙበት መንገድ አለ፣ 30 ዶላር በመክፈል ወይም ሴቲንግህን በማይክሮሶፍት አካውንት ባክአፕ በማድረግ፣ ዊንዶውሱ ግን የምር የራሱ ላይሰንስ ያለው መሆን አለበት። ሦስተኛው መንገድ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ነው፣ ሚንት ላይ ተንደርበርድ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ኡቡንቱ ላይ ደሞ ሲጫን ሙሉውን ካልመረጥክ ራስህ በነጻ ታወርደዋለህ፣ ከላይ ያልኩትን ፕሮፋይል ፎልደር እዛ ላይ ብትገለብጠው ኢሜይልህ እንዳለ ይከፈታል። ኢሜይልና ብሮውዘር ብቻ ለሚጠቀም የቢሮ ማሽን ይሄ ከሁሉም ርካሹ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ላለ ሰው የመጨረሻው የሚሠራለት ተንደርበርድ 115 ነው፣ እሱን ኢሜይሉን ይዞ ለመውጣት ይጠቀምበት እንጂ እዛ ላይ አይኑር።

አዲሱን ፕሮግራም ጭነህ "ፓስዎርድ ትክክል አይደለም" ካለህና ፓስዎርዱ ትክክል ከሆነ አትደናገጥ። ጉግል ከግንቦት 22 ቀን 2014 ጀምሮ፣ ማይክሮሶፍት ደሞ ለአውትሉክ ዶት ኮም አካውንቶች ከመስከረም 6 ቀን 2017 ጀምሮ በተራ ፓስዎርድ ከፕሮግራም መግባትን ዘግተዋል። ተንደርበርድ የጉግልን የራሱን መግቢያ ገጽ ይከፍትልሃል፣ እዛ ላይ ገብተህ ትፈቅዳለህ፣ አለቀ። ከቆየ ኦፊስ ጋር የመጣ አውትሉክ ይሄን አይችልም፣ ለጂሜይል ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍተህ "አፕ ፓስዎርድ" የሚባለውን ማውጣት ይኖርብሃል። የድርጅት ዶሜይን ኢሜይል ብዙ ጊዜ አሁንም በተራ ፓስዎርድ ነው የሚገባው፣ ፖርቱን ከጠየቀህ አይማፕ 993፣ መላኪያው 465 ወይም 587 ነው፣ 143 ብሎ ያለ ምስጠራ እንዳያስገባህ ተጠንቀቅ።

የቀረው የአማርኛው ነገር ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው፣ ከዛ በኋላ በዩኒኮድ የተጻፈ ኢሜይል የትም ፕሮግራም ላይ ይነበባል፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ኢብሪማ የሚባለው ፎንት ይሸከመዋል። ኒያላ የሚባለውን የድሮውን የአማርኛ ፎንት የለመደ ሰው ግን ተጭኖ አያገኘውም፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ገብቶ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንት የሚለውን ማውረድ አለበት። ችግሩ ድሮ ከዩኒኮድ ውጪ በሆኑ የአማርኛ መጻፊያዎች፣ በቪዥዋል ግዕዝ ምናምን፣ የተጻፈው ነው፣ እሱ በውስጡ የላቲን ኮድ ነው፣ ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል፣ ፕሮግራም ብትቀያይር አይስተካከልም። እንደዛ ዓይነት የቆየ ደብዳቤ በአታችመንት ያለው ቢሮ ፎንቱ ያለበት የድሮ ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱን ከፍቶ ፕሪንት ብሎ ፒዲኤፍ አድርጎ ያስቀምጠው፣ ፒዲኤፉ ፎንቱን ይዞት ስለሚሄድ። ይሄ ደሞ ኮምፒውተሩ ጥገና ቤት ከመሄዱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።